የራስን ቤት ጥፋት በአደብ መናገር

ዛሬ አማናን ከአንድ ናይጄሪያዊ መምህር ሕይወት እንማር።

አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ እ.ኤ.አ. በ1912 በሰሜን ናይጄሪያ፣ ባውቺ አካባቢ ተወለዱ። ከካትሲና ኮሌጅ ተመርቀው በባውቺ አስተማሪ፣ ኋላም ርዕሰ መምህር ሆኑ። በሐውሳ ቋንቋ የጻፉት «ሸይሁ ዑመር» የተሰኘው ልቦለድ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ስለተዳረገና ቁርኣን ተምሮ ዓሊም ስለሆነ ሰው ይተርካል። በ1945 ለተጨማሪ ትምህርት ለንደን ሄዱ፤ ሲመለሱም የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኑ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያኔ ሰሜኑን እንግሊዞች የሚገዙት በአሚሮቹ በኩል ነበር። ባሌዋ የተማሩትም ደመወዝ የበሉትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሆኖም በ1950 በሰሜኑ ምክር ቤት ቆመው ስለ ጉቦና ብልሹ አሠራር በግልጽ ተናገሩ፤ አስተዳደሩ በገለልተኛ ኮሚሽን እንዲመረመርም ጠየቁ። የፈለጉት እንዲታረም ነበር።

በ1957 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1960 አገራቸው ነፃ ወጣች። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ተገኝተዋል። የመጨረሻ ዓመታቸው በፖለቲካ ሽኩቻ የታመሰ ነበር፤ በጃንዋሪ 1966 በመፈንቅለ መንግሥት ተገደሉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን በተሰጠን ኃላፊነት እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። የክፍል አለቃ ወይም የጀመዓ ገንዘብ ያዥ ብንሆን፣ የራሳችንን ሰዎች ጥፋት እንሸፍናለን ወይስ በአደብ እንናገራለን? ዛሬ ከመግሪብ በፊት ራሳችንን እንጠይቅ።

አላህ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!