የሱዱ ቀዳዳዎች እንዴት ተደፈኑ?



በየትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነው። መምህሩ ማርኩን ሞልቶ ያስረክባል እንጂ ቁም ሣጥኑን ራሱ አይከፍትም። ዛሬ ግን የተማሪው ማርክም ሆነ የመምህሩ ፋይል ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ቁልፉም አብሮ እዚያው ገብቷል።

እኔ 12ኛ ክፍልን በጨረስኩበት ትምህርት ቤት የኮምፒዩተሩ ዋና የይለፍ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ቃሉን ግን አምስት ሰዎች ያውቁት ነበር። አንድ ቀን የአንድ ተማሪ ማርክ ተለውጦ ተገኘ። ማን ለወጠው? ሁሉም በአንድ ስም ስለሚገቡ ማወቅ አልተቻለም። በመጨረሻ ጣት የተቀሰረው በመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ላይ ነው። እሷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እሷ ግን ከቦታዋ ተነሳች። ከመካከላችን ነገ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ የሚሆኑ ስላሉ፣ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ማጥናት ይገባናል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

1. ሩትና ሱዱ ምንድን ናቸው?

ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ተጀመረ። የዛሬው ሊኑክስም የእርሱን ፈለግ የተከተለ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁጥር አለው። ቁጥሩ 0 የሆነው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል፤ እርሱን የሚከለክለው የለም፤ ማንኛውንም ፋይል ያነባል፣ ይለውጣል፣ ይሰርዛል።

ታዲያ ተራው ተጠቃሚ አንዳንድ ጊዜ የሩት ሥልጣን የሚጠይቅ ሥራ ይገጥመዋል። የራሱን የይለፍ ቃል መለወጥ እንኳ የሩት የሆነ ፋይል መንካት ነው። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ፕሮግራሞች ልዩ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ምልክቱ ያለበት ፕሮግራም ማንም ያስነሳው ማን በባለቤቱ ሥልጣን ይሠራል። የመዝገብ ቤት ቁልፍ እንደ ተሰጠው ተላላኪ መሆኑ ነው፤ ተላላኪው የታዘዘውን ብቻ ካደረገ መልካም፤ ከተታለለ ግን ቁልፉ ከእርሱ ጋር ነው።

ሱዱም እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። በ1980 ገደማ እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ፣ በቡፋሎ፣ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ጻፉት። ሱዱ የሩትን የይለፍ ቃል ለሁሉም ማደል እንዲቀር ያደርጋል። እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል፤ የተፈቀደለትን ትእዛዝ ብቻ ይፈጽማል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘገባል። በእኛ ትምህርት ቤት ይህ ቢኖር ኖሮ ያቺ ሴት በጥርጣሬ ብቻ ባልተነሳች ነበር። እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ጠባቂ ራሱ ቀዳዳ ሲኖረው ምን ይከተላል? ሦስት እውነተኛ ምሳሌዎችን እንመልከት።

2. አንድ ሲቀነስ

የመጀመሪያው በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. የተገለጠው ነው። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች «ይህ ሰው ከሩት በስተቀር በማንኛውም ተጠቃሚ ስም መሥራት ይችላል» የሚል ደንብ ይጽፋሉ። ሱዱ ደግሞ ከስም ይልቅ ቁጥርም ይቀበላል። አንድ ሰው -1 ብሎ ቢሰጠውስ? ቁጥሩ 0 ስላልሆነ ደንቡ ያሳልፈዋል። ነገር ግን ለሥርዓቱ -1 ማለት «አትለውጥ፣ እንዳለህ ቀጥል» ማለት ነው። ሱዱ ደግሞ አስቀድሞ በሩት ሥልጣን ላይ ነበር። ስለዚህ እንደ ሩት ቀጠለ! ሩትን የከለከለው ደንብ ሩትን አስገባ ማለት ነው። በሱዱ 1.8.28 ይህ ቁጥር እንዳይገባ ተደረገ።

ከዚህ የምንማረው፣ «ከእገሌ በቀር ሁሉም» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «እነዚህ ብቻ» ብሎ መዘርዘር እንደሚሻል ነው።

3. አራት ነጥቡን የዘለለው ገልባጭ

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኩዋሊስ የተባለው ድርጅት ተመራማሪዎች አገኙትና ጥር 26 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ስህተቱ ሱዱ ውስጥ የገባው ግን በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ነበር። ወደ አሥር ዓመት ያህል ማንም ሳያየው ኖረ ማለት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ ተራ ስም ያለው ሰው፣ በሱዱ ምንም ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን፣ በዚህ ቀዳዳ ሩት መሆን ይችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትእዛዝ ሲጻፍ ልዩ ትርጉም ካለው ፊደል በፊት ባክስላሽ የተባለው ሰረዝ ይደረጋል፤ «ቀጣዩን ፊደል እንዳለ ውሰደው» ማለት ነው። ሱዱ ኋላ ላይ ሰረዙን ጥሎ ቀጣዩን ፊደል ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል። ሰረዙ የቃሉ መጨረሻ ላይ ቢመጣስ? ከእርሱ ቀጥሎ ያለው የቃሉ ማብቂያ ምልክት ነው፤ እንደ እኛ አራት ነጥብ ማለት ነው። ገልባጩ አራት ነጥቡን እንደ ተራ ፊደል ይወስድና አልፎት ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እየገለበጠ ከተመደበለት ቦታ አልፎ በጎረቤት ደብተር ላይ ይጽፋል። አጥቂው የሚጻፈውን መርጦ ካዘጋጀው ፕሮግራሙን እንደ ፈለገ ይመራዋል።

እንዴት ተፈቀደ? የፕሮግራሙ የፊተኛ ክፍል እያንዳንዱን ሰረዝ አስቀድሞ በሌላ ሰረዝ ስለሚጠብቅ ብቸኛ ሰረዝ መጨረሻ ላይ ሊመጣ አይገባም ነበር። ሆኖም ሱዱ «ሱዱኤዲት» በተባለው ስሙ ሲጠራና አንድ የተወሰነ አማራጭ ሲሰጠው ፊተኛው ክፍል ሥራውን ሳይሠራ ያልፋል፤ ኋለኛው ግን «ተሠርቷል» ብሎ ይቀጥላል። ፈተና ስናርም አንዱ መምህር «ጓደኛዬ አይቶታል» ብሎ ሳያይ እንደሚፈርመው መሆኑ ነው።

የተደፈነው በሱዱ 1.9.5ፒ2 ሲሆን፣ አደፋፈኑ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ቦታ ብቻ አልተነካም። ሱዱኤዲት የማይገባውን አማራጭ እንዳይቀበል ተደረገ፤ ገልባጩም ማብቂያውን እንዳይዘል ተደረገ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይይዘዋል። ደግሞም አግኚዎቹ አስቀድመው ለአዘጋጆቹ ነግረው፣ ምስጢሩ ይፋ የሆነው መድፈኛው በወጣበት በዚያው ቀን ነው።

4. የመጀመሪያው ተማሪ ቀርቶ ቢሆንስ?

ሦስተኛው በሱዱ ላይ ሳይሆን ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራው «ፒኬኤግዜክ» ላይ ነው። ጥር 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ተገለጠ፤ ስህተቱ ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር። ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሳ የቃላት ዝርዝር ይሰጠዋል፤ የዝርዝሩ መጀመሪያ የራሱ ስም ነው። ፕሮግራሙ «ስሜ መቼም አይጠፋም» ብሎ ሳይቆጥር ከሁለተኛው ጀመረ። አጥቂው ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ ሲሰጠው፣ ሁለተኛ ብሎ ያነሳው የሌላ ዝርዝር ቃል ሆነ፤ በዚያ በኩል አደገኛ መመሪያ ገባ። መድፈኛው እጅግ አጭር ነው፦ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወዲያው አቁም። ማስተካከያው እስኪደርሳቸው አንዳንዶች ከፕሮግራሙ ላይ ያንን ልዩ የሥልጣን ምልክት አንስተው ቆዩ። ተላላኪውን ማረም ካልተቻለ ለጊዜው ቁልፉን መቀበል ማለት ነው።

5. እኛስ ምን እናድርግ?

ሀ. ማስተካከያ ሲወጣ ሳንዘገይ እንጫን። ሆኖም የእትም ቁጥር ብቻ አይታመን፤ አከፋፋዮች ቁጥሩን ሳይለውጡ ያንኑ መድፈኛ በቀድሞው እትም ላይ ስለሚያክሉ፣ ማስታወቂያቸውን ማንበብ ያስፈልጋል።
ለ. የሥልጣን ምልክት ያለባቸውን ፕሮግራሞች እንቁጠር፤ ከማያስፈልገው ላይ እናንሳ።
ሐ. ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም ይኑረው። የጋራ የይለፍ ቃል ጥፋተኛውን ይሸሽጋል፤ ንጹሑን ያስወቅሳል።
መ. መዝገቡን እናንብብ። ያልተነበበ መዝገብ እንዳልተጻፈ ነው።
ሠ. ቀዳዳ ያገኘ ተማሪ ቢመጣ ለምን ነካካህ ብለን አንቆጣው። ለሚመለከተው በጊዜ እንዲናገር እናስተምረው።

እኔም በመለማመጃ ትምህርት ቤቴ ሐን ለማስፈጸም ስሞክር «ኧረ ምን አስቸገረህ፣ አንድ ቃል ይበቃናል» ተብያለሁ። የቀድሞ ትምህርት ቤቴን ነገር ስነግራቸው ግን ዝም አሉ፤ በማግስቱ ስማቸውን አስመዘገቡ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «ከሩት በስተቀር» የሚለው ደንብ ለምን ከሸፈ?
2. ሁለተኛውና ሦስተኛው ስህተት የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?
3. በተቋማችን ኮምፒዩተር ክፍል በጋራ የሚሠራባቸው የይለፍ ቃሎች አሉ? ካሉ ስንት ሰዎች ያውቋቸዋል?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ እዚህ ግድግዳ ላይ አትጻፉት። ለክፍሉ ኃላፊ ንገሩ።