የእንዶድን ፍቱን ንጥረ ነገር በቀዝቃዛ ውሃ ስለ ማውጣት

እንዶድ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች የሚበቅል፣ ፍሬው ከጥንት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ የሚያገለግል ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚህም በመነሣት ተክሉ ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለማወቅ ተቻለ። በዚህ ጽሑፍ ፍቱኑ ንጥረ ነገር ያለ አልኮልና ያለ ማገዶ እንዴት እንደሚወጣ እናስረዳለን።

1. ቀዝቃዛ ውሃ የሚመረጥበት ምክንያት

ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባለው፣ አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ነው። ሆኖም ባልተወቀጠ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ስለተያያዘበት ኃይል የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲገናኝ፣ በውስጡ የሚገኝ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ፍቱን የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። ገና ከመጀመሪያው በፈላ ውሃ ወይም በሜታኖል ከተዘፈዘፈ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ውድና መርዛማ የሆነው ሜታኖል የሚሰጠው ውጤት ከተራ ውሃ ያነሰ ነው።

2. አሠራሩ

ሀ. ፍሬው አድጎ ገና ሳይቀላ፣ አረንጓዴ እንዳለ ይለቀማል። ከበሰለ ኃይሉ ይቀንሳል።
ለ. በፀሐይ በደንብ ደርቆ እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጣል።
ሐ. በሚፈለግበት ጊዜ ይወቀጣል። ብናኙ አፍንጫና ዓይን ስለሚያቃጥል ወቃጩ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን።
መ. ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግስቱም በጨርቅ ይጠለላል።

3. ጥንቃቄ

እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለሆነም ዓሣ ባለበት ኩሬ፣ ሰው በሚቀዳው ወይም ከብት በሚጠጣው ውሃ ውስጥ መጨመር የለበትም። መጠኑ እንደ ውሃው ብዛትና ፍጥነት ስለሚለያይ፣ ወንዝም ሆነ ቦይ ከመታከሙ በፊት የጤና ባለሙያ እንዲጠየቅ አጥብቀን እንመክራለን። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድል፣ የተፈለፈሉት ሲያድጉ ሥራው መደገም ይኖርበታል።

ቀንድ አውጣ መግደል ብቻውን ብልሃርዚያን አያጠፋም። በሽተኞች በፕራዚኳንቴል ካልታከሙና ሰገራና ሽንት ወደ ወንዝ መግባቱ ካልቆመ፣ በመስኖ ውኃ ውስጥ ቆመው የሚሠሩ ገበሬዎችና በወንዝ የሚዋኙ ልጆች እንደገና መያዛቸው አይቀርም።