ስለ መርዝና ስለ መድኃኒት ልክ

መርዝና መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በልክ ነው። ለዚህም ቦቱሊነም የሚባለው መርዝ ምሳሌ ይሆናል። ይህን መርዝ የምታወጣው በዓይን የማትታይ ባክቴርያ በደንብ ሳይቀቀል በታሸገ፣ አየር በማይገባው ምግብ ውስጥ ትራባለች፤ የበላውም ሰው ሰውነቱ እየሰለለ ትንፋሹ እስከ መቆም ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ሊቃውንት እጅግ ጥቂቱን መጥነው በአይጦች ላይ መረመሩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ፣ መርዙን አስቀድሞ እግራቸውን የተወጉ አይጦች ኋላ ፎርማሊን የሚባለውን የሚያቃጥል ፈሳሽ በተወጉ ጊዜ፣ ሕመማቸውም እብጠታቸውም ካልተወጉት ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ይኸውም መርዙ የነርቭ ጫፍ ሕመም የሚያስነሣውን ንጥረ ቅመም እንዳይለቅ ስለሚያግደው ነው። በ2010 ዓ.ም.ም በአሜሪካ ለማይለቅ የራስ ምታት እንዲሰጥ ተፈቀደ።

እንዲህ ያለው ሥራ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒቶችን ጥቅምና ጉዳት በአይጦች ላይ ሲመረምር ቆይቷል።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፤ ሥርና ቅጠል ማወቅ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ልኩ ያልታወቀ መድኃኒት ሕፃን ይገድላል። አስተማሪዎችም ቆርቆሮው ያበጠ ምግብ ሳይቀመስ እንዲጣል ያስተምሩ።