የማይታየው ቋጠሮ

በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳር ባለችው በብላክፑል ከተማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1920 ዓመት ታላቅ የዳንስ ውድድር ተጀመረ። ለእንዲህ ያለው ዳንስ የሴቶቹ ቀሚስ ሰፊና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ዋጋውም ውድ ስለ ሆነ በገዛ እጃቸው የሚሰፉ አሉ።

መስፋት የምትማር ልጅ አስቀድማ ቁመትዋንና ወገብዋን ትለካለች። ቀጥላም ውዱን ጨርቅ ሳትነካ በርካሽ አቡጀዲ ትሞክራለች፤ መቀስ ያጠፋውን መርፌ አይመልሰውምና። በሰያፍ የተቈረጠ ጨርቅ ሲሰቀል በክብደቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ ቀሚሱን ሰቅላ ታሳድረዋለች፤ ዘርፉንም በማግሥቱ ትቀመቅመዋለች። ቸኵላ ብትቀመቅመው ግን ዘርፉ ወርዶ እግርዋን ይይዛል፤ በሰው ፊትም ይጥላታል።

በመጨረሻ ዶቃውን ትሰፋለች። አብሮአት የሚደንሰው ሰው እጁን በሚያሳርፍበት በጀርባዋ ላይ ዶቃ አታበዛም፤ እጁን ይጭረዋልና። ክሩንም በየጥቂቱ በውስጥ በኩል ትቋጥረዋለች፤ እንዲህ ካደረገች ክሩ ቢበጠስ ጥቂቱ ይወድቃል እንጂ ሁሉ አይረግፍም።

ልጆች ሆይ፤ ተመልካች የሚያደንቀው የዶቃውን ብልጭታ ነው፤ ዶቃውን የያዘው ግን ማንም የማያየው ቋጠሮ ነው። እናንተም ሰው በማያየው ሥራችሁ የታመናችሁ ሁኑ።