የታመመ ልጅ ያላት እናት ሶብር

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ልጇ በጽኑ የታመመባትን እናት ባየን ጊዜ «ሶብር አድርጊ» ብለን እናልፋለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ትርጉሙን ግን እንመርምር። ሶብር በዐረብኛ መግታት ማለት ነው። ዑለማዎች እንዳስተማሩት፥ ሰው ልቡን ከተስፋ መቁረጥ፥ ምላሱን በአላህ ፍርድ ላይ ከማማረር፥ እጁንም ፊትን ከመቧጨርና ልብስን ከመቅደድ ይገታል። ዕንባ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነፍሱ ስትወጣ አልቅሰዋል፤ ዕንባውም እዝነት መሆኑን ነግረዋል። እንግዲህ የምታለቅሰውን እናት «ኢማንሽ ደከመ» ብሎ መውቀስ አይገባም።

ሶብር እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይደለም። ሐጀር ልጇ ኢስማዒል በውኃ ጥም በተጨነቀ ጊዜ በሶፋና በመርዋ መካከል 7 ጊዜ ተመላልሳለች። በአላህ መመካቷ እግሯን አላሰረውም፤ ዘምዘምም የፈለቀላት ከዚህ ድካም በኋላ ነው። ዛሬም ልጇን አዝላ ከኢዲዶ ወደ ይርጋ ጨፌ፥ ከዚያም ወደ ዲላ ሆስፒታል፥ ሕመሙ ሲጠና እስከ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የምትሄድ እናት የሐጀርን ፈለግ ተከትላለች።

ነገር ግን ሐጀር ብቻዋን የሮጠችው በምድረ በዳው ሰው ስላልነበረ ነው። እኛ ግን አለን! ነቢዩ በሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፥ የእናቱ ልብ እንዳይጨነቅ ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ሶላት ለእናት ልብ ሲባል ካጠረ፥ ሱቅ አንድ ቀን ቢዘጋ ምን ይከብዳል?

ነጋዴው ወንድሜ ሆይ! ቡና በሚለቀምበት ወራት ሥራህ ብዙ ነው፤ ሆኖም ሌሊቱን ከሚስትህ ጋር ተካፈል፤ እርስዋ ስትተኛ አንተ ንቃ። የንግድህን ዘካ ስታወጣም አስብ፤ ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች መካከል ድኻው፥ ባለ ዕዳውና መንገደኛው ይገኛሉ። ልጇን ልታሳክም ሄዳ በሰው አገር ስንቋ ያለቀባት እናት መንገደኛ ናት። ጎረቤቶች ሆይ! ምክር ከማብዛት ምግብ አብስሉላት፤ የቀሩትን ልጆቿንም ያዙላት።

አንቺም እኅቴ ሆይ! የሙሳ እናት ልቧ ሊከዳት በተቃረበ ጊዜ አላህ አጸናላት፤ እርስዋም ልጇን ሙሳን እንድትከታተል እኅቱን ላከች። ስለዚህ «አግዙኝ» ማለት ሶብርን አያፈርስም። ብዪ፥ ተኚ፤ ገላሽም አላህ የሰጠሽ አማና ነው።

አላህ የታመሙትን ሕፃናት ይፈውስ፤ የእናቶቻቸውን ልብ ያጽና፤ እኛንም ከረዳቶቻቸው ያድርገን። አሚን።