ታናሽ ሲወለድ ታላቅ ለምን ያኮርፋል?

እናት ስትወልድ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሁሉም ሕፃኑን ለማየት ይሻማል። እስከ ትናንት የቤቱ ንጉሥ የነበረው የ2 ዓመት ልጅ ግን በር ሥር ቆሞ ያያል። ከእንግዶቹም አንዷ ለጨዋታ ብላ «አለቀልህ፣ ጡትህን ተቀማህ!» ትለዋለች። ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ እርሱ ግን አምኗት ያድራል።

ከዚያ በኋላ ሽንቱን መቆጣጠር የጀመረው ልጅ አልጋ ላይ ይሸናል፤ ጡት ካልጠባሁ ይላል፣ ምግብ ይገፋል፣ ሕፃኑን ይቆነጥጣል። ብዙ ወላጆች ይህን ከክፋት ቆጥረው በአለንጋ ሊያርሙት ይሞክራሉ። ነገሩ ግን ፍርሃት ነው። በልጁ ዓይን ጡቱም፣ ይታዘልበት የነበረው ጀርባም፣ ከእናቱ ጎን ያለው መኝታም በአንድ ቀን ተወስደውበታል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ ከእናት ጎን መነሣት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ መገፋት ጤናንም ይነካል። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬይቱ ጋና ሲሠሩ ሰውነታቸው ያበጠና ፀጉራቸው የሳሳ ሕፃናትን አዩ። በ1935 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍም በሽታውን አገሬው በሚጠራበት ስም «ክዋሺዮርኮር» አሉት፤ ታናሽ ሲወለድ የተገፋውን ልጅ የሚይዝ በሽታ እንደ ማለት ነው። ቅናት ብቻውን ይህን በሽታ አያመጣም። ነገር ግን ጡት በድንገት የተከለከለ፣ በምትኩም እንቁላልና ወተት፣ ቢያንስ ወፈር ያለ ሽሮ ያላገኘ ልጅ ለአደጋው የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ ጡት ማስጣል ካስፈለገ ከመውለድ ወራት አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይሁን እንጂ እሬት ተቀብቶ በአንድ ሌሊት አይሁን። የእርጉዝ ወተት ልጅን ይመርዛል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ እርግዝናው ጤናማ ከሆነ ማጥባት ይቻላል። ከወሊድ በኋላ ግን ቅድሚያ ለአዲሱ ሕፃን ነው፤ እንገሩ የእርሱ ነው።

አራሷ ብቻዋን ሁሉን አትችልም። አባት ታላቁን አቅፎ ያስተኛው፣ ከገንፎው የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያጉርሰው፣ ገበያም ይዞት ይሂድ። (ልጅ ማቀፍ ለወንድ አያምርም የሚሉ አባቶች አሁንም ያጋጥሙኛል፤ ጋቢው እኮ ለሁለት ይበቃል!) እናትም ሕፃኑ ሲተኛ ጥቂት ጊዜ ለታላቁ ብቻ ትስጠው። ሕፃኑን ሊመታ ሲቃጣ እጁን ያዝ አድርጎ «ተናደሃል፤ መምታት ግን አይቻልም» ማለት ይበቃል። ሁለቱን ብቻቸውን ትቶ መውጣት ግን አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ዘወትር ለእናትና ለሚወለደው ሕፃን ጤና ሲባል ይነገራል፤ ለታላቁም ጥቅሙ ብዙ ነው። ታናሽ ሲመጣበት 3 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ጡት ጠግቦ ጥሏል፣ በእጁ ይበላል። ቅናቱ አይቀርም፤ ይሁን እንጂ በመቆንጠጥ ፈንታ «እኔንስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ከወሊድ በኋላ በ45ኛው ቀን ስለ እርግዝና መከላከያ ለመመካከር ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ። ታላቁንም አምጡት፤ እንመዝነዋለን። እግሩ ካበጠ ወይም ምግብ አልበላም ካለ ግን ያን ቀን አትጠብቁ።