ቦርሳ ሸክም አለበት፦ ኪሮሽ ለጀመረች ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የጀመርሽውን ቦርሳ አገላብጬ አየሁት። ጌጡ ያምራል። ታቹ ግን ገና ምንም ሳትከቺበት ተንዘላዝሏል፤ ማንጠልጠያውም ሲስቡት ይለጠጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ኪሮሽ ያስያዙሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳንቴል ሲሠሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። እኛ ልጃገረድ ሳለን ወረታ ውስጥ ኪሮሽ የያዘች ሁሉ የምትሠራው ለሬዲዮ፣ ለቡፌና ለሶፋ መደገፊያ የሚሆን ዳንቴል ነበር። ዳንቴል ተዘርግቶ ይታያል እንጂ የሚሸከመው ነገር የለም። ቦርሳ ግን ስልክ፣ ቁልፍና ሳንቲም ይዞ ገበያ ይውላል፣ ባጃጅ ውስጥ ይታሻል፣ ካፊያ ይመታዋል። የዳንቴል ስስነት እዚህ አይሠራም። የምመክርሽ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

1. ክሩን በቀለሙ ብቻ አትምረጪ።

ገበያ ላይ «ሱፍ» እየተባለ የሚሸጠው የሹራብ ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ከተጠራጠርሽ ቁራጭ ክር በክብሪት ለኩሺ። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ እውነተኛ የበግ ጸጉር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ጉብታ ይተዋል። ለቦርሳ እኔ ጥጡን እመርጣለሁ። ሲሸከም እንደ ሌላው አይለጠጥም፣ የተሠራበት ጌጥም ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰው ሠራሹ ቀላል ነው፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል፤ ነገር ግን ይሳባል፣ የጋለ ካውያ ካስነካሽው ደግሞ አለቀለት።

ጥጥ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። መተማ ላይ ይበቅላል፤ ባሕር ዳር ላይ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። ቤት ውስጥ አያትሽ በእንዝርት የፈተሉት ልቃቂት ካለም አይናቅ። ብቻውን ግን ስስ ነው፣ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላው ቦታ ይቀጥናል። ሦስት አራቱን ደርበሽ ግመጂው፤ ያን ጊዜ ለቦርሳ የሚሆን ጠንካራ ክር ይወጣዋል።

2. አጥብቀሽ ሥሪ።

የዳንቴሏን ቀጭን የብረት ኪሮሽ አስቀምጫት። ለመካከለኛ ክር ሻጩ 4 ሚሊ ሜትር ቢልሽ አንቺ 3.5ቱን ውሰጂ፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ ተጽፏል። ወደ ቦርሳው ከመግባትሽ በፊት የመዳፍሽን ስፋት የምታህል ናሙና ሥሪና ወደ መስኮት ብርሃን ያዣት። የእስክሪብቶ ጫፍ ያለ ችግር የሚያልፍባት ከሆነች ሳንቲምም ቁልፍም ያልፍባታል። ኪሮሹን አሳንሺ፤ ወይም ክሩን በግራ ጣትሽ ላይ አንድ ዙር ጨምረሽ ጠምጥሚው። አጥብቆ መሥራት መጀመሪያ ላይ የእጅ አንጓን ያደክማል። በየመሀሉ እጅሽን አፍታቺ።

3. ታቹን ሳትጨርሺ ስለ ጌጡ አታስቢ።

30 ሰንሰለት ጀምሪ፤ ስልክ ተጋድሞ የሚያስቀምጥ ርዝመት ይሰጥሻል። በአንዱ ጎን በአጭር ዓይን፣ ማለትም ክሩን ኪሮሹ ላይ ሳትጠመጥሚ በምትገቢበት ዓይን፣ ሂጂ፣ ጫፉ ላይ ስትደርሺ አንዷ ሰንሰለት ውስጥ ሦስት ዓይን ሥሪ፣ ሳትገለብጪ ዞረሽ በሌላው ጎን ተመለሺ፣ እዚያም ጫፉ ላይ እንዲሁ። በሚቀጥሉት ዙሮች ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ሦስት ሦስት ዓይን እየጨመርሽ ሦስት አራት ዙር ሂጂ። ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። ዳሩ ወደ ላይ ከተነሣ ጭማሪው አንሷል፤ ከተሸበሸበ በዝቷል። ጥፍጥፍ ብሎ ሲተኛ ልክ ነው።

ከዚያ መጨመር አቁሚ። ወደ ላይ የምትወጪበትን የመጀመሪያ ዙር የዓይኑን የኋላ ክር ብቻ እየያዝሽ ሥሪው። ይቺ ዙር ታቹንና ጎኑን የሚለይ እጥፋት ታወጣለች፤ ቦርሳው መቆም የሚጀምረውም በእሷ ነው።

4. ፈንዲሻውን በቁጥር እንጂ በግምት አትሥሪ።

አሁን ወደምትወጂው ደረስን። ያቺ ከጨርቁ ላይ ብቅ የምትለው ክብ ጌጥ፣ እኔና ጓደኞቼ ፈንዲሻ የምንላት፣ አሠራሯ እንዲህ ነው። ረጅሙን ዓይን ታውቂዋለሽ፤ ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ የምትገቢበት ነው። አንዷ ዓይን ውስጥ አምስት ረጃጅም ዓይን ሥሪ። አምስተኛዋን ስትጨርሺ ኪሮሹን ከቀለበቷ አውጪ፤ ቀለበቷ እንዳትተረተር ትንሽ ሳብ አድርጊያት። ኪሮሹን ከፊት በኩል በመጀመሪያዋ ረጅም ዓይን አናት ላይ አስገቢ፣ የለቀቅሻትን ቀለበት ያዢና በእሷ ውስጥ አሳልፊያት። አምስቱ አንድ ላይ ተሰብስበው ወደ ፊት ይነፋሉ። በአንድ ሰንሰለት ቆልፊያት።

በሁለት ፈንዲሻ መካከል ሦስት ተራ ረጃጅም ዓይኖች ይግቡ። ፈንዲሻዋና ሦስቱ አራት ይሆናሉና ዙሪያሽ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት፤ ካልተካፈለ ፈንዲሻ ከመጀመርሽ በፊት ባለው ተራ ዙር ላይ የጎደለውን ሙይ። ከፈንዲሻ ዙር በኋላ አንድ ተራ ዙር ይምጣ። በሚቀጥለው የፈንዲሻ ዙር ጌጡ ከታችኛው በላይ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ይረፍ፤ ማለትም ከሦስቱ ተራ ዓይኖች በመሀለኛዋ ላይ።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ አለ። የቆለፍሽባት ሰንሰለትና የፈንዲሻዋ አናት ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሁለት ዓይን ይመስላሉ። በሁለቱም ከሠራሽ በየዙሩ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቦርሳው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አፉ እየሰፋ ይሄዳል። አንዷን ምረጪና እስከ መጨረሻው በእሷ ጽኚ። እኔ በፈንዲሻዋ አናት እሠራለሁ፣ ሰንሰለቷን አልፋታለሁ። በየዙሩ መጨረሻም ቁጠሪ። ጎረቤት ቡና ጠርታሽ እያወራሽ የምትሠሪው ከሆነ፣ የዙሩ መነሻ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር እሰሪ።

ሌላው የጌጡ ፊት ነው። ሳትገለብጪ ዙሪያውን ብቻ ከሄድሽ ፈንዲሻው ሁልጊዜ ወደ አንቺ፣ ማለትም ወደ ውጭ ይወጣል። እየገለበጥሽ የምትሠሪ ከሆነ በተገለበጠው ዙር ኪሮሹን ከፊት ሳይሆን ከኋላ በኩል አስገቢ፤ አለዚያ ግማሹ ጌጥ ቦርሳው ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ቦርሳውን ሁሉ በፈንዲሻ አትሙዪው። ከታች ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ተራ ሥራ ይቅደም፤ ጌጡ መሬት ሲነካ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ይላጣልም። ከገላ ጋር የሚተሻሸው ጀርባውም ሜዳ ቢሆን ይሻላል። ፊቱ ላይ ግን በደንብ አውጪው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ግዢና አንዷን ካሬ እንደ አንድ ዓይን ቆጥረሽ የምትፈልጊውን ሣዪ። እናትሽ ሰፌድና መሶብ ላይ የምታወጣቸው ሐረጎች ሁሉ በቁጥር የተሠሩ ስለሆኑ በቀጥታ ይገለበጣሉ። ከውጭ ከመጣ ሥዕል ይልቅ እነሱን ብትሠሪ ደስ ይለኛል፤ የዚህን አገር ሴቶች እጅ የሚያውቅ ሰው ቦርሳሽን ከሩቅ ይለየዋል።

ፈንዲሻ ክር ይበላል። በአንዷ ዓይን ቦታ አምስት ትሠሪያለሽና። አንድ የፈንዲሻ ዙር ሥሪ፣ ተርትሪው፣ የወጣውን ክር በክንድ ለኪው፣ በዙሮቹ አባዢው። ክሩን ሁሉ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዢ፤ ያው ቀለም በሌላ ጊዜ ተነክሮ ሲመጣ ጠቆር ወይም ፈካ ይላል፣ መሀል ላይ መስመር ያወጣብሻል።

5. መተርተር አትፍሪ።

ሦስት ዙር በታች የተሳሳተች ፈንዲሻ ካየሽ አሁኑኑ ተርትሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

6. ማንጠልጠያው ላይ ንፉግ አትሁኚ።

ሰው ቦርሳ ሲያነሣ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኪሮሽ ብቻውን በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፤ ብብት ሥር የነበረ ቦርሳ ጉልበት ይደርሳል። ማንጠልጠያውን በአጭር ዓይን አጥብቀሽ ከሠራሽ በኋላ ከውስጥ በኩል ሁለት ጊዜ የታጠፈ የአቡጀዲ ቅዳጅ ስፊበት። አቡጀዲው ስለማይሳብ ሸክሙን ይቀበለዋል። ጫፎቹንም በቦርሳው ከንፈር ላይ ብቻ አታንጠልጥያቸው፤ በጎኑ በኩል አራት ጣት ያህል ወደ ታች አውርደሽ በደንብ ስፊያቸው።

7. ገበር የሌለው ቦርሳ አልቋል አትበዪ።

ገበሩን ከመቁረጥሽ በፊት ጨርቁን እጠቢው፤ ያልታጠበ ጥጥ በኋላ ይሰበሰብና ቦርሳውን ያጨማድደዋል። የስልክ ኪስ አውጪለት። ዚፑን ልብስ ሰፊ ገበሩ ላይ በመኪና ይስፋልሽ፤ ገበሩን ከቦርሳው ጋር ግን አንቺ በእጅሽ ስፊው፤ የመኪና ስፌት ፈንዲሻውን ይደፈጥጠዋል።

8. ፎገራ ላይ እንደምትኖሪ አትርሺ።

ነጭ ቦርሳ ያምርሻል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህ ጥቁር አፈር ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቂያለሽ። በክረምት ለሚያዝ ቦርሳ ታቹን በጥቁር፣ በቡናማ ወይም በጠቆረ አረንጓዴ ሥሪ፤ ነጩ ከላይ ይሁን። ሩዝ በ1970ዎቹ ወደዚህ ሜዳ ከገባ ወዲህ ክረምታችን የአረም ነው፤ ሩዝ ሲያርም የዋለ እጅ ደግሞ ይሻክራል፣ ክሩን እየነጨ ጸጉር ያወጣበታል። ማታ እጅሽን ታጥበሽ ቫዝሊን ቀቢ፤ ክር የምትይዢው ቅባቱ ገብቶ ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥበቱ ሲበዛም ክሩን መሬት ላይ አታሳድሪው፤ ሻጋታ ከያዘው አይለቅም።

9. ወንድምሽ ኪሮሽ ቢያነሣ አትሳቂበት።

በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን እዚሁ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አውራምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት በዚህ ማኅበረሰብ ወንዱም ይፈትላል፣ ሴቷም ሸማ ትሠራለች። መሬታቸው ጥቂት ስለነበር ኑሯቸውን በእጅ ሥራ ደገፉት፤ እንግዳ ሲመጣም የሠሩትን ያሳያሉ፣ ይሸጣሉ። ሄደሽ እያቸው። እንደ እኔ ግን ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አስተውዪ፦ ሥራው ከቤት ጥግ ወጥቶ የሁሉ ሰው ሥራ ሲሆን ዋጋው እንዴት እንደሚከበር።

10. ዋጋ ስትጠሪ አትፈሪ።

ይህን በጣም እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። የእኛ ዳንቴል በነጻ አለቀ፤ ለሠርግ ስጦታ፣ ለጎረቤት ውለታ። ክሩን እንኳ የሚያስብልን አልነበረም። አንቺ የክሩን፣ የገበሩንና የዚፑን ዋጋ ጻፊ፤ ከዚያ የሠራሽበትን ሰዓት ጨምሪ። ሰዓትሽን በምን ትተምኛለሽ? በሩዝ አጨዳ ጊዜ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ውሰጂ፤ ከዚያ በታች አትውረጂ። «ይሄማ ፋብሪካ በርካሽ ይሠራዋል» የሚልሽ ይኖራል። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ ኪሮሽን ግን ፋብሪካ እስከ ዛሬ በማሽን አልተካውም። በርካሽ ተሠርቶ የመጣ ኪሮሽ ካየሽ አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ተቀምጣ በእጇ ሠርታዋለች፤ ርካሽ የሆነው የእሷ ድካም ነው።

የክር ሥራ ቤት እንደሚያቆም የሌላ አገር ሰዎችም አይተውታል። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ ሴት መነኮሳት ለድኻ ሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ፤ ዳንቴሉ ባሕር ማዶ እየተሸጠ ብዙ ቤተሰብ አበላ። እኛም በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት እህልና ከብት እንዴት በአንድ ሌሊት ከእጅ እንደሚወጣ አይተናል። በጣትሽ ያለውን ሙያ ጎርፍ አይወስደውም።

ገበያው ደግሞ በደጅሽ ነው። ወረታ የባሕር ዳሩና የጎንደሩ መንገድ ከደብረ ታቦሩ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ መንገደኛ አይጠፋም። ከሁሉ የሚሻለው ወቅት ግን ከጥምቀት በፊት ያለው ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ ሁሉም አዲስ ይለብሳል፤ የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ኪስ የለውም፤ ጎንደር የሚወርዱት ልጃገረዶች ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው ይውላሉ። ከኅዳር ጀምረሽ ሥሪ። ሸማኔዎቹ በዚያ ዓመት ምን ዓይነት ጥለት እንደሚያወጡ ጠይቂ፣ የፈንዲሻውን ቀለም ከጥለቱ ጋር አስማሚ። ትእዛዝ ስትቀበዪ፣ ያዘዘሽ የአክስትሽ ልጅ ቢሆንም፣ የክሩን ዋጋ አስቀድመሽ ተቀበዪ፤ ስሙንና የሚረከብበትንም ቀን ደብተርሽ ላይ ጻፊ።